ከሚቆጠበው መብራት ላይ ይከፈላል የሚል ውል ቀረበልን (ደሴ፣ ባለ 32 ክፍል ሆቴል)። ምክራችሁን እፈልጋለሁ

የጦሳ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ አባታችን ትተውልን ያለፉት ሆቴል አለን። 32 ክፍል ነው። የምናስተዳድረው እኔና እህቴ ነን።

የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። እንግዳ እንደገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሙቅ ውሃ አለ ወይ ብሎ ነው። በየክፍሉ 80 ሊትር ቦይለር አለ፣ ሌት ተቀን ተሰክቶ ይውላል። ሁለት የእንጀራ ምጣድ አለን። ልብስ ማጠቢያ አለ፣ ፍሪጆች አሉ፣ ኮሪደሩ ላይ የድሮዎቹ ረጃጅም ፍሎረሰንቶች አሉ። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ስለሚስተካከል ቢል በመጣ ቁጥር ልባችን ይመታል።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት መጣ። «እናንተ አንድ ብር አታወጡም። ጣሪያው ላይ የሶላር ውሃ ማሞቂያ እንተክላለን፣ አምፖሉን በሙሉ ወደ ኤልኢዲ እንቀይራለን። ፍጆታችሁ በ40 ከመቶ ይቀንሳል። ከሚቆጠበው ላይ 80 ከመቶውን ለ6 ዓመት ለኛ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ዕቃው የናንተ ይሆናል» አሉን። የውሉን ረቂቅም ላኩልን። ቁጠባው የሚሰላው «ካለፈው ዓመት ቢል ጋር በማነጻጸር» ይላል። ከዚህ ውጭ ስለ ስሌቱ የሚለው ነገር የለም።

እህቴ እንፈርም ትላለች። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ውል በእውነት አለ? ካለስ ስንት እንደተቆጠበ በምን እናውቃለን?

---

ሆጤ ሰፈር | ሰኞ፣ 3፡05

ወንድሜ፣ ነፃ የሚባል ነገር የለም። ተጠንቀቅ።

---

ቦርከና ማዶ | ሰኞ፣ 4፡20

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ጉዳዩን ስለምወደው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ውሉ በእውነት አለ። የኢነርጂ አፈጻጸም ውል ይባላል። ሥራውን የሚሠሩት ድርጅቶች በዓለም ላይ «ኤስኮ» በሚል አጠራር ይታወቃሉ። ሐሳቡ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። መሬት ያለው በሬ ከሌለው በእኩል ወይም በሲሶ ይሰጥ የለ? አራሹ በሬውንና ጉልበቱን ያመጣል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። እዚህም መሬቱ ያንተ ሕንፃ ነው፣ በሬው የነሱ ገንዘብና ዕውቀት ነው፣ ምርቱ ደግሞ ሳይቃጠል የቀረው መብራት።

ሲሶን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንፋሎት ሞተራቸውን ለማዕድን ማውጫዎች ሲያቀርቡ ያስከፈሉት በዚሁ መንገድ ነበር። አዲሱ ሞተር ከድሮው የኒውኮመን ሞተር አንጻር ከሚቆጥበው የድንጋይ ከሰል ዋጋ ላይ ሲሶውን ይወስዱ ነበር። ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የሚቆጥር ቆጣሪ ሠርተው በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። እንዲያም ሆኖ ከማዕድን ባለቤቶቹ ጋር በክፍያው ብዙ ተጨቃጭቀዋል። ነገሩ ከጥንትም የመለኪያ ጉዳይ ነው።

በእኩል ስትሰጥ ምርቱ አውድማ ላይ ይታያል። በቁና ይሰፈራል። የተቆጠበ መብራት ግን አይታይም። ያልተቃጠለን ነገር የሚቆጥር ቆጣሪ የለም። ስለዚህ ቁጠባ ሁልጊዜ የስሌት ውጤት ነው፤ «ይህ ሥራ ባይሠራ ኖሮ ስንት ይቃጠል ነበር?» ከሚለው ላይ አሁን የተቃጠለውን መቀነስ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ማን እንዴት እንደሚያወጣው ካልተጻፈ ውሉ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ያንተ ረቂቅ ትልቁ ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው።

የሚሉት 40 ከመቶ ግን ከእውነት የራቀ አይመስለኝም። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማሞቅ 4.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። እንግዳ በሌለበት ክፍል የተሰካ ቦይለርም ሙቀቱ በቀፎው በኩል ስለሚወጣ በየቀኑ ደጋግሞ ይነሳል። ደሴ ላይ ከመብራታችሁ ከግማሽ በላይ ወደ ውሃ ቢሄድ አይደንቀኝም።

ሁለት ነገር ንገረኝ። በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማላችሁ? ብሩን ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓቱን። ሁለተኛ፣ በየወሩ ስንት ክፍል እንደተያዘ መዝገብ አለህ?

---

የሐይቅ ዳር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ። ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት በዚህ ዓይነት ስምምነት አምፖሎቼን ቀየረልኝ። ስሙን አልጠራም። በፊት ስንት እንደምጠቀም የጻፈ ሰው አልነበረም። እኔም አልጻፍኩም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ቤቱ ወራት ተዘጋ። ስመለስ «ቢልህ በጣም ወርዷል፣ ከቁጠባው ድርሻችንን ክፈል» የሚል ደብዳቤ ጠበቀኝ። ቢሉ የወረደው ሰው ስላልነበረ ነው። ያንን ለማስረዳት አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ በሽማግሌ ተስማማን። አምፖሎቹ ጥሩ ነበሩ፣ ዛሬም ይሠራሉ። የጎዳን ከመጀመሪያው ያልተጻፈው ወረቀት ነው።

---

የጦሳ ልጅ | ማክሰኞ፣ 12፡50 ምሽት

የሐይቅ ዳር፣ አላህ ይስጥህ፣ ይህን ስላካፈልከኝ። እኛም ጋ እንግዳ ካለፉት ዓመታት በጣም ቀንሷል። በትክክል የፈራሁት ይህንን ነው።

ኢንጂነር ቦርከና ማዶ፣ ዛሬ ከእህቴ ጋር ቢሎቹንና የእንግዳ መዝገቡን አውጥተን ቁጭ አልን። እንግዳ በብዛት በነበረበት ወር የተያዘው ክፍል በሌሊት ሲቆጠር 540 ነበር፤ ፍጆታው 8,090 ኪሎዋት ሰዓት። በጣም በቀዘቀዘው ወር 200 ነበር፤ ፍጆታው 5,200። የሌሎቹ ወራት በመካከል ነው። ጀነሬተር የበራባቸው ቀናትም አሉ፣ የናፍጣው ደረሰኝ ግን ሌላ ፋይል ውስጥ ነው።

---

ቦርከና ማዶ | ማክሰኞ፣ 3፡15 ምሽት

ማሻአላህ፣ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። አሁን አብረን እንሥራው።

በሁለቱ ወራት መካከል ያለው የክፍል ልዩነት 340 ነው። የፍጆታው ልዩነት 2,890። ለ340 ስናካፍለው አንድ የተያዘ ክፍል በሌሊት 8.5 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል ማለት ነው። 200 ክፍል በ8.5 ሲባዛ 1,700 ነው። ከ5,200 ላይ ሲቀነስ 3,500 ይቀራል። ይህ 3,500 እንግዳ ኖረም አልኖረ የሚቃጠለው ነው፤ ፍሪጁ፣ ኮሪደሩ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ የተሰካው ቦይለር።

ሥራው ተሠርቶ አለቀ እንበል። ከዚያ አንድ ደካማ ወር መጣ፣ 300 ክፍል ብቻ ተያዘ። ቆጣሪው 4,200 አነበበ። እነሱ በረቂቁ መሠረት ካለፈው ዓመት የዚያው ወር ቢል ጋር ያነጻጽራሉ። ያ ወር 8,090 የነበረበት ከሆነ ቁጠባው 3,890 ነው ይላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። 300 ክፍል በድሮው ዕቃ ቢሆን 3,500 ሲደመር 2,550፣ በድምሩ 6,050 ይፈጅ ነበር። ከዚያ ላይ 4,200 ሲቀነስ ቁጠባው 1,850 ነው። ከግማሽ በታች። ቀሪው እንግዳ ስላልመጣ የቀረ ነው። በገበያህ መቀዝቀዝ ላይ ድርሻ እየከፈልክ ነበር ማለት ነው።

ወደ እነሱም ይዞራል። እንግዳው በርክቶ 600 ክፍል ቢያዝ በቢል ንጽጽር ቁጠባቸው ይጠፋል፣ ሥራቸው ግን በትክክል እየሠራ ነው። ስለዚህ ይህን ስሌት ብታቀርብላቸው ሐቀኛ ድርጅት ከሆነ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። የሁለት ወር ስሌት ግን ለመነሻ ያህል ነው፤ ለውሉ 12ቱንም ወር ተጠቀሙ። አይፒኤምቪፒ የሚባል ዓለም አቀፍ የመለኪያና የማረጋገጫ ፕሮቶኮል አለ፣ እንዲህ ያለውን ማስተካከያ የሚደነግገው እሱ ነው። በውሉ ላይ ስሙ ይጠቀስ።

የናፍጣውን ነገር አትርሳ። መብራት በጠፋባቸው ሰዓታት ቦይለሩ ቆሟል ወይም በጀነሬተር ሠርቷል፤ ቢሉ ላይ ግን አይታይም። ያለፈው ዓመት ቢል እውነተኛ ፍላጎትህን አሳንሶ ያሳያል። ትንሽ ጀነሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚሰጠው። ደረሰኙን አውጥተህ ሊትሩን በ3 አባዛና በየወሩ ፍጆታ ላይ ደምረው። የአሜሪካና የአውሮፓ የውል ናሙና ይህን ብዙም አያነሳም፤ እኛ አገር ግን ግድ ነው።

---

የመድኃኔዓለም ሰፈር | ማክሰኞ፣ 4፡02 ምሽት

በብር ይሰላ ወይስ በኪሎዋት ሰዓት? ታሪፉ እየጨመረ ሲሄድ ድርሻቸው አብሮ አይጨምርም?

---

ቦርከና ማዶ | ማክሰኞ፣ 4፡30 ምሽት

ይጨምራል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋስትናው በኪሎዋት ሰዓት ይሁን፤ የእነሱ ሥራ የሚቆጣጠረው ፍጆታን እንጂ ታሪፍን አይደለምና። ክፍያው ወደ ብር ሲቀየር ግን በየትኛው ታሪፍ እንደሆነ ይጻፍ። አንዱ መንገድ፣ የተቆጠበውን በወቅቱ ታሪፍ አባዝቶ መካፈል፣ ያወጡት ወጪ ከስምምነቱ ትርፍ ጋር ሲመለስ ግን ውሉ ከ6 ዓመቱ በፊት እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ያኔ ታሪፍ ሲጨምር ዕዳው ቶሎ ያልቃል፣ አንተም ቶሎ ነፃ ትወጣለህ።

---

ወረባቦ ባንክ ቤት | ረቡዕ፣ 1፡10 ምሽት

በብድር ክፍል ነው የምሠራው። የገንዘቡን ጎን ላክል።

ሁለት ዓይነት አለ። በአንዱ ድርጅቱ ራሱ ገንዘቡን ያወጣል፣ ቁጠባውን ትካፈላላችሁ። ያንተ እንደዚያ ነው። በሌላው ባለቤቱ ከባንክ ይበደራል፣ ድርጅቱ ቁጠባው ከዚህ አያንስም ብሎ ዋስትና ይሰጣል፣ ካነሰ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። ሁለተኛው ላይ የገንዘቡ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ዕዳው ግን በአንተ ስም ነው።

የኛ አገር ችግር መያዣ ነው። ባንክ ቤትና ሕንፃ ይፈልጋል። «ወደፊት የሚቆጠብ መብራት» ብለህ ብትመጣ የብድር ኮሚቴው ግራ ይገባዋል። ሆኖም ሁለት በር አለ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ መሣሪያንም ወደፊት የሚሰበሰብ ገንዘብንም፣ ለመያዣ እንዲመዘገብ ፈቅዷል። ሌላው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ነው። ሕጉ ከ1990 ጀምሮ አለ፣ ኋላም ተሻሽሏል። አከራዩ ዕቃውን ይገዛል፣ አንተ በየወሩ ትከፍላለህ፣ ዕዳው እስኪያልቅ ዕቃው የሱ ነው። መያዣው ዕቃው ራሱ ስለሆነ ቤትህን አትነካም።

ድርጅቱ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣም ጠይቅ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ተለውጧል። ከዚያ በፊት በተሠራ የዋጋ ግምት ከፈረሙ መሐል ላይ ሊያቆሙብህ ይችላሉ።

---

ኑር ቤት | ረቡዕ፣ 2፡00 ምሽት

አሰላሙ አለይኩም። እኛ ወለድ ውስጥ መግባት አንፈልግም። ይህ ውል ወለድ አለበት?

---

ወረባቦ ባንክ ቤት | ረቡዕ፣ 2፡25 ምሽት

ወአለይኩም ሰላም። የሃይማኖቱን ብያኔ ለዑለማዎቹ እተዋለሁ። ከአሠራሩ አንጻር ግን፣ ቁጠባ መካፈል ላይ ድርጅቱ ቁጠባ ከሌለ ምንም አያገኝም፣ ስለዚህ ከብድር ይልቅ ወደ ሽርክና ይጠጋል። ዕቃውን በዱቤ መግዛት ከሆነ የፈለጉት ደግሞ ከወለድ ነፃ ባንኮች በሙራባሃ ያቀርባሉ፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ ይሸጥልዎታል። ረቂቁን ይዘው ባንክዎን ያማክሩ። «ለዘገየ ክፍያ ቅጣት» የሚል አንቀጽ ካለ ቀድመው ያሳዩዋቸው።

---

እንጀራ ከወልድያ | ረቡዕ፣ 3፡40 ምሽት

እኔ ለሆቴሎች እንጀራ እጋግራለሁ፣ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። ለኔ ዓይነቱ ሰውስ ይሆናል?

---

ቦርከና ማዶ | ረቡዕ፣ 4፡10 ምሽት

እህቴ፣ በቀጥታ ውሉ ለርስዎ አይሆንም ብዬ ነው የማስበው። ኦዲቱ፣ መለኪያው፣ የውል ጽሕፈቱ ወጪ ራሱ ቁጠባውን ይበላዋል። ነገር ግን ዕድልዎ በእጅዎ ነው። አንድ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ምጣዱን ለብቻው ከማጋልና ከሥሩ ከሚወጣው ሙቀት ነው። ሦስቱንም በየተራ ለጥቂት እንጀራ ከመለኮስ አንዱን ያለማቋረጥ መጋገር ይሻላል። ሥሩ ያለው መከላከያ ካለቀ ያስቀይሩት። ጋግረው ሲጨርሱ ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ለእንጀራው ቁጥር ያካፍሉት። ያንን ቁጥር ለአንድ ወር ይያዙ።

እንደርስዎ ያሉ ሰዎች ደግሞ አንድ ላይ ቢሆኑ ነገሩ ይለወጣል። በርሊን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የመንግሥት ሕንፃዎችን አንድ በአንድ ሳይሆን በስብስብ እያደረገች ነው ለእነዚህ ድርጅቶች ያቀረበችው፤ ትንሹ ከትልቁ ጋር አብሮ ሄደ። ሕንድም ኢኢኤስኤል የሚባለው የመንግሥት ድርጅት የኤልኢዲ አምፖል ለአገሩ ሁሉ በጅምላ ሲገዛ የአንዱ መግዣ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2014 ከነበረበት 310 ሩፒ በሁለት ዓመት ወደ 38 ወርዷል። ቅሬ (እድር) ለማቋቋም ማን ያህለናል? የደሴ ወይም የወልድያ ሆቴሎች አሥር ሆነው በአንድ ጨረታ ቢወጡ ድርጅቱም ዋጋውም ሌላ ይሆናል።

---

የሆስፒታል ፋይናንስ | ሐሙስ፣ 12፡30 ጠዋት

ይህን ውይይት ሳነብ አደርኩ። የምሠራው መንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ነው። የኛ የመብራት ፍጆታ ከሆቴሉ ብዙ እጥፍ ነው፣ ግን ማንም አይነካውም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ለመብራት የተያዘ በጀት ካልተጠቀምንበት ሰኔ 30 ተመላሽ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «አምና አልተጠቀማችሁበትም» ተብሎ ይቀነሳል። ታዲያ ለምን እንቆጥብ? ለ6 ዓመት የሚቆይ ውል መፈረምም ከባድ ነው፣ በጀት የሚጸድቀው በየዓመቱ ነውና።

አንድ ቀዳዳ ይታየኛል። ጤና ተቋማት የውስጥ ገቢያቸውን ይዘው እንዲጠቀሙ ተፈቅዷል። ክፍያውን ከዚያ ማድረግ ቢቻል፣ ከመብራት የተረፈው ለመድኃኒት ይውል ነበር። ያ ግን የፋይናንስ ቢሮን ይሁንታ ይጠይቃል። ለኛ ከሶላሩ በፊት መለወጥ ያለበት ይህ ደንብ ነው። መብራት ሲጠፋ በጀነሬተር ናፍጣ የምንጨርሰውን ሳስበው ያንገበግበኛል።

---

ጠበቃው | ሐሙስ፣ 1፡45 ምሽት

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት የሚከተሉት ይጻፉ። ሆቴሉ ቢሸጥ ውሉ ለገዢው ይተላለፋል ወይ? ጦርነት ወይም ረጅም የመብራት መቋረጥ ቢመጣ የውሉ ዘመን ይቆማል ወይስ ይቆጥራል? የተበላሸውን የሚጠግነው ማነው፣ በስንት ቀን? በስሌቱ ካልተስማማችሁ የሚለካው ሦስተኛ ወገን ማነው? የኢነርጂ ኦዲተር ከሆነ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለስልጣን የብቃት ማረጋገጫ እንዳለው ጠይቅ። የስሌቱ ቀመር ከነምሳሌው እንደ አባሪ ይያያዝ። ፍርድ ቤት ብንደርስ ዳኛው ያንን ምሳሌ ነው የሚያየው።

---

የጦሳ ልጅ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

ወገኖቼ፣ ላሳውቃችሁ ቃል ገብቼ ነበር።

ለድርጅቱ የተያዘ ክፍል ስሌቱን ከነምሳሌው ላክንላቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ መሐንዲሳቸው ደውሎ «እኛም ይሄ ይሻለናል፣ አለቆቼን አሳምናለሁ» አለኝ። አሁን ስሌቱንም የናፍጣውንም መደመር ተቀብለዋል። የውሉ ዘመን ወደ 7 ዓመት ይርዘም ብለዋል፣ ወጪያቸው ቀድሞ ከተመለሰ ግን ቀድሞ ያልቃል። ቤቱ ከ30 ቀን በላይ ከተዘጋ የውሉ ጊዜ ይቆማል። የጥገናው አንቀጽ ላይ ገና አልተስማማንም፣ እነሱ 15 ቀን ይላሉ፣ እኔ ሙቅ ውሃ ለ15 ቀን መጥፋት አይቻልም እላለሁ።

እስከዚያው ግን አልተቀመጥንም። ለቦይለሮቹ መስመር የውስጥ ቆጣሪ አስገጠምን። ባዶ ክፍል ውስጥ ያለ ቦይለር እንዲነቀል ለክፍል አጽጂዎቹ ነገርናቸው። እህቴ ናት በየማታው የምታነበው፣ ደብተር ይዛለች። ይህ ቁጠባ በኛ የመጣ ስለሆነ እነሱ ከሚካፈሉት ቁጠባ ስሌት ውስጥ እንዳይገባ ለመሐንዲሱ አስቀድመን አሳወቅን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሐምሌና ነሐሴ ጦሳ በጉም ሲሸፈን ሶላሩ ምን ያደርጋል?

---

ቦርከና ማዶ | እሑድ፣ 2፡30 ምሽት

በእነዚያ ወራት ለብ ያለ ውሃ ነው የሚሰጥህ፣ ቀሪውን ኤሌክትሪክ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቦይለሮቹን በሙሉ እንዳትሸጣቸው። ታንከሩ የኤሌክትሪክ አጋዥ እንዲኖረው፣ አጋዡም በሰዓት መቆጣጠሪያ ከንጋት በፊት እንዲበራ አድርግ። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፣ ሰሌዳዎቹ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙረው ትንሽ ያዘንብሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ አለ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ቧንቧ በደንብ ይሸፈን። የጥገናውን ቀን ወደ 3 አውርደው፣ ለዘገየበት እያንዳንዱ ቀን በአጋዡ የተቃጠለውን መብራት እነሱ ይክፈሉ በል። የውስጥ ቆጣሪ አለህ፣ ትለካዋለህ።

እህትህን ሰላም በልልኝ፣ ደብተሩን አታቋርጥ።